ጅቡ እግሩን የታጠበ ዕለት

ልጅ ሳለሁ እኛ ቤት ተረት የሚለካው በውሃ ነበር። በመንደራችን ሰዓት ያለው ሰው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የሚያስረው ለሰርግ ነው፣ ደግሞ አይሠራም። አያቴ አኮ ዲንቄ የጅቡን ተረት «አንድ ውሃ» ትለዋለች፣ የጦጣዋን ፍርድ «ሁለት ውሃ»፣ የሰነፉን ጎረምሳ ደግሞ «ግማሽ ውሃ»፣ ምክንያቱም ሰነፍ ስለሆነ ብዙ የሚሠራው ነገር የለም። አኮ ማለት በኦሮምኛ አያት ማለት ነው። እናታችን ከሞተች በኋላ እኔንና ታናሽ ወንድሜን ጉታን ያሳደገችን እሷ ናት።

አኮ አረቄ ታወጣ ነበር። የደረሰውን ድፍድፍ ትልቅ ማሰሮ ውስጥ ጨምራ እሳት ላይ ትጥደዋለች፣ አፉን በሊጥ ትመርገዋለች፣ ከማሰሮው አንድ ሸምበቆ ወጥቶ ሌላ ትንሽ ማሰሮ ውስጥ ይገባል፣ ያ ትንሹ ማሰሮ ደግሞ ቀዝቃዛ ውሃ የሞላ ገበቴ ውስጥ ይቀመጣል። እንፋሎቱ በሸምበቆው መጥቶ ቅዝቃዜውን ሲያገኝ አረቄ ሆኖ ጠብ ጠብ ይላል። ውሃው ከሞቀ ግን ጉድ ነው፤ እንፋሎቱ መግቢያ ሲያጣ ሊጡን ገፍቶ ይወጣና ቤቱም፣ ግቢውም፣ መንደሩም ይሸታል፣ እንኳን ሰው በአጥር የምታልፍ ዶሮ ትሰክራለች። ስለዚህ ውሃው ሳይሞቅ መቀየር አለበት። መቼ እንደሚሞቅ በምን ይታወቃል? በተረት።

አኮ ማታ ማታ፣ ሁሉም ቤት ራት ሲሠራና የመንደሩ ጢስ አንድ ላይ ሲቀላቀል፣ ጓዳ ገብታ እሳቷን ታያይዛለች፤ ኩራዙን ግድግዳው ላይ ሰክታ፣ እኔንና ጉታን ከፍሙ አጠገብ አስቀምጣ፣ ቀኝ እጇን ገበቴው ውስጥ ነክራ «ዱሪ ዱሪ»፣ ማለትም ድሮ ድሮ፣ ብላ ትጀምራለች። አንድ ቃል አትጨምርም፣ አንድ ቃል አትቀንስም። «ከዚያስ ጅቡ ምን አለ?» ብለን ብንጠይቃት እጇን ከገበቴው አውጥታ «ውሃው ሞቀ» ትላለች፣ አለቀ ማለት ነው። ጅቡ ገደል ጫፍ ላይ ቆሞ ቢሆን እንኳ ግድ የላትም፣ እዚያው ትተወዋለች። እኔ ያኔ ለሞተውም ላልሞተውም ጅብ አለቅስ ነበር።

ያኔ ቦሌ እንዲህ አልነበረም። ዛሬ ኢምፔሪያል ብላችሁ ታክሲ የምትጋፉበት ቦታ የእኛ ሰዎች ሽምብራ ይዘሩበት ነበር። እኔ ነፍስ ሳውቅ ግን አዲሱ የአውሮፕላን ማረፊያ ተጀመረ፣ መንገድ ተቀደደ፣ ድንጋይ የጫኑ መኪኖች ቀን ከሌት መመላለስ ያዙ፣ ከአኮ መሬት ግማሹ ወደዚያ ሄደ፣ ከየአገሩ የመጣው ሠራተኛ ደግሞ ሜዳውን ሞላው። አገሩ ሁሉ ገንዘብ ገንዘብ ይሸት ነበር። ሠራተኛው ሲመሽ አቧራውን የሚያወርድበት ነገር ይፈልጋል፣ አኮም መሬቷ ሄዶ ማሰሮዋ ብቻ ቀርቷታል። እንዲህ ሆኖ ነው የተገናኙት።

መንግሥት ግን ይህን አልወደደውም። ፈቃድ የሌለው ሰው ቤቱ አረቄ እንዳያወጣ ክልክል ነበር፤ የተፈቀደው በጠርሙስ ሆኖ ወረቀት የተለጠፈበት የፋብሪካው ብቻ ነው። ይህን የሚቆጣጠሩትን ሰዎች ፊናንስ እንላቸው ነበር። ሁለት ሁለት እየሆኑ ይመጣሉ፣ ካገኙ ማሰሮውን ደጃፍ ላይ ይሰብሩታል፣ ባለቤቲቱን ይዘው ይሄዳሉ። «ፊናንስ መጣ!» ሲባል እኔ ከበሩ ኋላ እደበቅ ነበር። ከፍርሃት ብዛት ሌሊት አልጋዬን... ይቅር፣ የልጅ ልጆቼም ያነቡት ይሆናል። ብቻ አኮ ከተወሰደች እኔና ጉታ በዚህ ዓለም ላይ ማንም እንደሌለን አውቅ ነበር። የቀረን ዘመድ ቢኖር ያ ተረት ውስጥ ያለው ጅብ ነው።

አንድ የክረምት ምሽት ነው። አኮ ውሃውን አሁን ቀይራ፣ የጅቡን ተረት «ዱሪ ዱሪ» ብላ ልትጀምር ስትል በሩ ተንኳኳ። ዘላ ተነስታ የጓዳውን መጋረጃ ጋረደች፣ እኛን ወደ ፊተኛው ክፍል ገፋችንና ከፈተች። በሩ ላይ የቆመው ሰው ረጅም ነበር፤ ረጅም ስላችሁ ጎንበስ ብሎ የገባው በወገቡ ነው። ጥቁር ካፖርት ለብሷል፣ ጫማው እስከ ቁርጭምጭሚቱ ጭቃ ነው፣ አፍንጫው ቀልቷል።

«አካም ጅርቱ?» አለ፤ እኔ ደነገጥኩ። ኦሮምኛ ያውቃል ማለት ነው፣ ከእንግዲህ አኮ በቋንቋችን ልታንሾካሹክልኝ አትችልም።

«እግዚአብሔር ይመስገን። ግባ ልጄ» አለችው አኮ በአማርኛ።

«ቁጭ ይበሉ እማማ። ጓደኛዬ ያኛው ቤት ነው፣» አለና በአጥሩ በኩል ወደ ጎረቤታችን ወደ እትዬ አስካለ ቤት በአገጩ አሳየ። «ፍተሻ ለሁለት ነው፣ ሕጉ እንደዚያ ነው። እሱ እስኪመጣ እርስዎ ከመቀመጫዎ እንዳይነሱ።»

«ምን ልትፈትሽ ነው?»

«ያውቁታላ!» ብሎ አስነጠሰ። ሲያስነጥስ የጣሪያው ቆርቆሮ ተነስቶ ተቀመጠ።

«ጉንፋን ይዞሃል» አለችው።

«ተዉኝ እስቲ እማማ! ሽታ የሚባል ነገር ረስቻለሁ። ትናንት ሚስቴ ወጡን አሳርራ እኔ በላሁት፣ ጣፋጭ ነው አልኩ።»

እኔ ልቤ ውስጥ ያንን ጉንፋን መረቅሁት፣ ዕድሜ ይስጥህ አልኩት። ቤቱ እኮ አፍንጫ ላለው ሰው ጠጅ ቤት ነበር።

ከዚያ ዝናቡ መጣ። ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ሰው ከሰው አይሰማማም። ጓደኝየው ባለበት ቀረ፣ ሰውየውም በርጩማው ላይ ተቀምጦ መጋረጃውን ያያል፣ አኮን ያያል፣ እንደገና መጋረጃውን ያያል። በመጋረጃው ሥር የእሳቱ ብርሃን መሬቱ ላይ ይርገበገባል። «ራት ነው» አለችው ሳይጠይቃት። እኔ ግን የማስበው ስለ ገበቴው ነው። ውሃው ከተቀየረ ቆይቷል። እሳቱን ላጥፋው ብል ቸስ ሲል ይሰማል፣ ጢሱም ይፈነዳል። ካልተቀየረ ደግሞ ሊጡ ይለቅቃል፣ ያኔ ጉንፋን ቀርቶ አፍንጫ የሌለው ሰውም ያውቃል።

በዚህ መሐል ጉታ፣ ያኔ የአራት ዓመት ልጅ ነው፣ አኮ ጭን ላይ ሆኖ «አኮ፣ ተረቱን ንገሪን! ውሃው ሳይሞቅ!» ብሎ ማላዘን ጀመረ።



«የምን ውሃ ነው?» አለ ሰውየው።

«ተረቱ ውስጥ ያለ ውሃ ነው» አለች አኮ። ፊቷ ላይ ምንም የለም።

«እስቲ ንገሪው ያዳምጥ፣ እኔም ልስማ» አለ ሰውየው። ጉታን እያየ «እርስዎ» ማለቱን ረስቷል። «ውሃ ያለበት ተረት አላውቅም።»

አኮ ጀመረች፣ በአማርኛ። ተረቱን በአማርኛ ስሰማው የመጀመሪያዬ ነበር፤ የሌላ ሰው ጅብ መሰለኝ። ተረቱ አጭር ነው። አንድ ጅብ ሰርግ አማረው፣ ከአጥር ላይ የተሰጣ ጋቢ ሰረቀና እስከ ዓይኑ ተከናንቦ ሄደ። እንግዳ ነው ተብሎ ከሽማግሌዎቹ መሐል አስቀመጡት። ደጅ ላይ አንዲት አህያ ታስራለች። ጅቡ እንዳያያት ይታገላል፣ ወለሉን ያያል፣ ጣሪያውን ያያል። በመጨረሻ አህያዋ አናፋች፣ የጅቡ ጆሮ ከጋቢው ዘሎ ወጣ፣ ሰርገኛው ተበተነ። ይኸው ነው። አንድ ውሃ።

አኮ አህያዋ ጋ ደረሰች። አህያዋ ግን አላናፋችም።

አኮ ጨመረች! በሕይወቴ አንድ ቃል ስትጨምር ሰምቻት አላውቅም። «ሽማግሌዎቹ ጅቡን፣ የማን ልጅ ነህ? ብለው ጠየቁት» አለች። ጅቡ አባቱን ጠራ፣ አያቱን ጠራ፣ ሽማግሌዎቹ አያቱን እናውቃቸዋለን አሉ፣ ደህና ሰው ነበሩ አሉ። ሰውየው ከት ብሎ ሳቀ፣ ሳቁም ወደ ሳል ተቀየረበት። አኮ ግን አልሳቀችም። ቀኝ እጇ ከጎኗ ወርዶ ወለሉ ላይ ይዳብሳል፣ የሌለ ገበቴ ይፈልጋል። ያኔ ገባኝ። ተረቱ ካለቀ ሰውየው ሥራ ፈትቶ ተነስቶ መጋረጃውን ይገልጣል፣ ተረቱ ከረዘመ ደግሞ ውሃው ይሞቃል። አኮ መሐል ላይ ነበረች። ከጓዳው ሊጡ «ፑፍ» ሲል ሰማሁ። ከዝናቡ ጋር ሌላ ሰው አይለየውም፣ እኔ ግን እለየዋለሁ።

«ከዚያ፣» አለች አኮ፣ «እንግዳው ከሩቅ ስለመጣ እግሩን ይታጠብ ተባለ። በዚያ ቤት አንዲት ልጅ ነበረች። ፈዛዛ ናት። አፏን ከፍታ ወሬ ትሰማለች።»

እኔ አፌን ከፍቼ እሰማለሁ።

«ልጅቷ ከደጅ ቀዝቃዛ ውሃ ቀዳችና ጓዳ ገባች፣ ሙቁን ይዛ ወጣች።» ዓይኗ ጅቡ ላይ ነው፣ ማለቴ ሰውየው ላይ ነው። «በጣም ፈዛዛ ነበረች። ሁለቴ ካልነገሯት አይገባትም። ከደጅ ቀዝቃዛውን ቀድታ ገባች፣ ሙቁን ይዛ...»

ተነሳሁ።

ደጅ ላይ ከጣሪያው የሚወርደው ውሃ በርሜሉን ሞልቶ ይፈሳል። በእንስራ ቀድቼ ጓዳ ገባሁ። ገበቴው ይፋጃል። ሊጡ በአንድ ጎን ተነፍቶ እንደ ዳቦ ሆኗል፣ ከሥሩ ነጭ እንፋሎት ክር እየሆነ ይወጣል። በጣቴ ተጫንኩት፤ ጣቴ ተቃጠለ፣ እንዳልጮህ ቀሚሴን ነከስኩ። ይኸው ጠባሳው ዛሬም አለ፣ ለልጆቼ እስከ ክርኔ ነበር እያልኩ ነው የማወራላቸው። ሙቁን ወደ ሳፋ ገለበጥኩ፣ ቀዝቃዛውን ሞላሁ፣ ሳፋውን ይዤ ወጣሁ፣ ሰውየው እግር ሥር ተንበረከክሁ።

«ኧረ ተይ ልጄ!»

«እንግዳ ነህ፣ ታጠብ» አለችው አኮ።

ጫማውን አወለቀ። እግሩ ሲወጣ ሽታው የአኮን አረቄ ያስንቅ ነበር፣ ያ ጉንፋን ለራሱም ጠቀመው። ሙቁ ውሃ ውስጥ ሲያስገባው «እፎይ!» አለ፣ ትከሻው ወረደ፣ ዓይኑን ጨፈነ። አኮ ቀጠለች፣ ጅቡን አጠበችው፣ ሰርገኛው ለጅቡ ሚስት ፈለገለት። እኔም ውሃው በረደ እያልኩ እመላለሳለሁ፤ ቀዝቃዛ ይዤ እገባለሁ፣ ሙቅ ይዤ እወጣለሁ። ሦስት ጊዜ። በዚያ ክረምት ከቦሌ እስከ ቤተ መንግሥት እንደሱ እግሩ የጸዳ የመንግሥት ሠራተኛ አልነበረም።

ያላሰብነው ነገር ግን ነበር። ሙቅ ውሃ ለጉንፋን መድኃኒት ነው። በሦስተኛው ሳፋ እንፋሎቱ ፊቱን ሲመታው ሰውየው አንድ ጊዜ አስነጠሰ፣ ከዚያ በአፍንጫው አየር ሳበ። ደግሞ ሳበ። ዓይኑን ከፈተ።

ቀስ ብሎ መጋረጃውን አየ።

«አንቺ ልጅ፣» አለኝ፣ «ይህን ሁሉ ውሃ የት አሞቅሽው?»

አኮ ተረቷን አቆመች። እጄ ግን እግሩን እንደያዘ ቀረ፤ ከለቀቅሁት የሚነሳ መሰለኝ። በሁለት እጄ ጨምድጄ ያዝኩት። ሰውየው ወደ ታች አየኝ። የተቃጠለው ጣቴ ውሃ ቋጥሯል። ጣቴን አየ፣ አኮ ጭን ላይ የተኛውን ጉታን አየ። እኔ እዚያው አርጅቼ ሸበትኩ።

«እማማ፣» አለ፣ «ከዚያስ? ጅቡ እግሩን ከታጠበ በኋላ?»

«አመሰገነ» አለች አኮ።

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ እሱ ያውቃል፣ ልጄ።»

ያኔ ከደጅ ሌላ ድምፅ መጣ። ጓደኝየው ነው። እትዬ አስካለን አግኝቷቸዋል፤ ማሰሮአቸውን ሲሰብር ድፍድፉ ካፖርቱ ላይ ተደፍቶ ከላይ እስከ ታች ርሷል። በሩን ገፍቶ አንገቱን አስገባና «እዚህስ?» አለ።

«ምንም የለም፣» አለ ሰውየው፣ እግሩን በካፖርቱ ጫፍ እያደረቀ።

«ኧረ ይሸታል!»

«የምትሸተው አንተ ነህ። ጠረንህ እኮ በጉንፋን ላይ ደረሰኝ፣ ወዲያ ራቅ በል!»

ጓደኝየው የራሱን እጅጌ አሸተተ፣ አፈረና ወደ ዝናቡ ተመለሰ። ሰውየው ጫማውን አሰረ። በሩ ላይ ሲደርስ ዞር ብሎ፣ ለእኛ ብቻ በሚሰማ ድምፅ፣ «እማማ፣ ጉንፋን እኮ ከሳምንት አያልፍም» አላት። ሄደ። በአጥሩ ቀዳዳ ሳይ እትዬ አስካለ ነጠላቸውን ተከናንበው በዝናብ በሁለቱ ሰዎች መሐል ይሄዳሉ። ወደ ቤታችን ዞረው አላዩም። አንድ ቃል ቢናገሩ ኖሮ እኛም አልቆልን ነበር።

በማግስቱ አኮ ማሰሮዋን ራሷ ሰበረችው። ሸምበቆውን ለጉታ ፈረስ አደረገችለት። እትዬ አስካለ ወራት ቆይተው እስኪመለሱ ልጆቻቸው የሚበሉት እኛ ቤት ነበር፣ አኮም ለሠራተኞቹ ቅቅል ድንችና ንፍሮ መሸጥ ጀመረች። ንፍሮ ማንም አያስርበትም። አቧራም አያወርድም፣ እያሉ ያማርሩ ነበር ሠራተኞቹ።

ከዚያ በኋላ አንድ ምሽት ጉታ የጅቡን ተረት አምጪ አለ። አኮ ፍሙ አጠገብ ተቀመጠች፣ «ዱሪ ዱሪ» አለች፣ ጋቢውን አሰረቀችው፣ ሰርግ ቤት አስገባችው፣ አህያዋ ጋ ደረሰች፣ እጇ ወደ ጎኗ ወረደ። ገበቴ የለም። እጇን አነሳችና አየችው፣ ደረቅ ነው። የት እንደሚያልቅ ጠፋት። ሽማግሌዎቹ አባቱን ጠየቁት አለች፣ አያቱን ጠየቁት አለች፣ እግሩን አጠቡት፣ ዳሩት፣ ልጅ ወለደ፣ እኛ እንቅልፍ እስኪወስደን አህያዋ አላናፋችም።

አሁን እኔ ገርጂ ፎቅ ላይ ነው የምኖረው፣ ከአኮ ሽምብራ ማሳ በላይ አራተኛ ፎቅ በሉት። ከሥራችን ያለው ሱቅ የመጠጥ ጠርሙስ በመብራት አስጊጦ ይሸጣል፣ ሁሉም ወረቀት ተለጥፎበታል፣ ማንም በር አያንኳኳበትም። የልጅ ልጆቼ ሲሰበሰቡ የጅቡን ተረት እነግራቸዋለሁ። የእኔ ጅብ አውሮፕላን ይሳፈራል፣ ፓስፖርት ያወጣል፣ ቀለበት መንገድ ላይ ትራፊክ ይይዘዋል። «አያቴ ፕሊስ፣ ሾርት አድርጊው!» ይሉኛል። ይስቃሉ፣ እኔም እስቃለሁ፣ ደግሞ እጨምራለሁ። ሰው ስቀልድ ይመስለዋል፣ ብዙውን ጊዜም ቀልድ ነው።

ግን አህያዋ ልታናፋ ስትል ሁልጊዜ እጆቼ ይጨበጣሉ። ያንን እርጥብ እግር የያዝኩ ይመስለኛል። ተረቱን ከጨረስኩት ሰውየው ይነሳል።